«ሶፍሬንሲያ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰርታኔዡ የሚባለውን የብራዚል የገጠር ሙዚቃ የሚሰማ ሰው «ሶፍሬንሲያ» የሚለው ቃል በየቦታው ይገጥመዋል። ብዙዎች «ሐዘን» ብለው ይተረጉሙታል፤ ልክ አይደለም። ቃሉ ሶፍሪሜንቱ (ስቃይ) እና ካሬንሲያ (የፍቅር ርሃብ) ተጋጥመው የወጣ ነው። ስለዚህ ነገሩ የለቅሶ ቤት አይደለም፤ የተከዳ፣ ወይም ራሱ ጥሎ ሄዶ የተጸጸተ፣ «ልደውል? አልደውል?» እያለ የሚብሰከሰክ ሰው ነው። ዜማውም እያስለቀሰ ያስጨፍራል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደንሱበታል።

ቃሉን ያስለመደው አሆሻ የሚባለው የብራዚሏ የባሂያ ግዛት ሙዚቃ ነው። ሰርታኔዡ ውስጥ ደግሞ «የሶፍሬንሲያ ንግሥት» የተባለችው ዘፋኟ ማሪሊያ ሜንዶንሳ ናት፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ በ26 ዓመቷ አረፈች። ቀድሞ በዘፈኖቹ ውስጥ መጠጥ ቤት ተቀምጦ የሚያለቅሰው በአብዛኛው ወንድ ነበር። እሷ በዚያው ወንበር ላይ ሴቷን አስቀመጠች፤ በእኔ ግምት ትልቁ ሥራዋ ይሄ ነው።

በእነዚህ ዘፈኖች የሚሰማው «ዶር ጂ ኮቶቬሉ» የሚለው አባባልም ያደናግራል። ቃል በቃል «የክርን ሕመም» ነው፤ ሐኪም ግን አያሻውም፤ የፍቅር ሕመም ነው። የተለመደው ማብራሪያ፣ የተከፋ ሰው ባንኮኒ ላይ ክርኑን ተክሎ እስኪያመው ይቆያል የሚል ነው። ፊቱ ቢራና ትንሽ ብርጭቆ አለች፤ ወይም ካሻሳ፣ ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ የሚወጣው ጠንካራ መጠጥ። ይኸው አባባል ቅናትንም ይገልጻል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የግጥሙ ዐውድ ነው።