እንጨቱ ከየትኛው ዛፍ ነው? ስለ አኳሪየም እንጨት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአኳሪየም፣ ማለትም በመስታወት የዓሣ ማኖሪያ ውስጥ የሚረባው ጢማሙ ፕሌኮ ከደቡብ አሜሪካ ወንዞች የመጣ፣ ሲያድግ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ትንሽ አምባዛ ነው። ቀን እንጨት ሥር ይደበቃል፤ ማታ አፉን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ሲፍቅ ያድራል። ስለዚህ እንጨት ያስፈልገዋል ወይ ብሎ መከራከር ትርፍ ነው። ለእኔው ፕሌኮ እንጨት ፍለጋ በወጣሁበት ሰሞን ግን ከሰማሁት ምክር ግማሹ ዓሣውን የሚገድል ነበር።

«ከደረቀ ማንኛውም እንጨት ይሆናል»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ማድረቅ የዛፉን ውሃ ያስወጣል እንጂ ሙጫውን አያስወጣም። ጥድን ውሰዱ፦ ዓመታት የቆየ የጥድ እንጨት ሲሰነጠቅ አሁንም ይሸታል፤ ያ ሽታ ውሃ ውስጥም ይገባል። ባሕር ዛፍስ? ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን የምንታጠነው ለዘይቱ ነው። ዘይቱ በብዛት ያለው በቅጠሉ ቢሆንም እኔ ግንዱንም አላምነውም። ቁልቋል ደግሞ ወተቱ ዓይን የሚያቃጥል ነውና አይነሣ።

ብርብራን ሳስብ ግን ይገርመኛል። ፍሬውን ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መበተን በአገራችን የቆየ የዓሣ ማጥመጃ ዘዴ ነው፤ ዓሣው ደንዝዞ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ምክንያቱ በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ ሲሆን፣ የዓሣው ሰውነት በኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግዳል። ቅርንጫፉ እንደ ፍሬው አይከፋ ይሆናል። ነገር ግን አያቶቻችን ዓሣ ሲገድሉበት የኖሩትን ዛፍ ዓሣ ማኖሪያ ውስጥ ማስገባት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ከውጭ ከሚመጡት መካከል ሞፓኒ የሚባለው የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ዛፍ እንጨት ከባድና ጥሩ ነው። ከግቢያችን ደግሞ መድኃኒት ያልተረጨ ዘይቱን ካለ፣ ራሱ የደረቀውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ቅርፊቱን መላጥ ይቻላል። በቢላ ስትፍቁት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው። በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ በስብሷል። የዛፉን ስም የሚነግራችሁ ሰው ካጣችሁ፣ እንጨቱ የቱንም ያህል ቢያምር ለምድጃ ይሁን።

የአናጺ ቤት ቁራጭም ያው ነው። ችፑድ በማጣበቂያ የተሠራ ነው፤ ጣውላውም ቫርኒሽ ወይም የምስጥ መድኃኒት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል።

«ውሃው ቡናማ ከሆነ ዓሣው ተመርዟል»

አልተመረዘም። ከእንጨቱ የሚወጣው ታኒን ነው፤ ሻይ ቅጠልን የሚያቀላው ነገር። የአማዞን ገባር የሆነው ሪዮ ኔግሮ ስሙ ራሱ «ጥቁር ወንዝ» ማለት ነው፤ ውሃውን ያጠቆረው የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ሲሆን ዓሣ ሞልቶበታል። ታኒን የውሃውን ፒኤች ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ ማለትም ውሃውን በመጠኑ አሲዳማ ያደርገዋል፤ ይህንን ፕሌኮ አይጠላውም። መልኩ ያስጠላው ሰው እንጨቱን አስቀድሞ በባልዲ ይዘፍዝፍ፣ ውሃውንም በየቀኑ ይቀይር። የእኔ እንጨት በመጀመሪያው ቀን ያወጣው ውሃ ወፍራም ሻይ ይመስል ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት የባልዲው ታች ታየኝ።

«ነጭ ዝልግልግ ነገር ካወጣ ተበላሽቷል»

አዲስ እንጨት ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወጣው ይህ ነገር ጉዳት የሌለው የሻጋታና የባክቴሪያ ድር ነው። ለፕሌኮ ምግቡ ነው፤ ልሶ ይጨርሰዋል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ በዚያው ቀን ይውጣ።

«ማፍላት ሁሉን ያነጻል»

አንድ ሁለት ሰዓት ማፍላት ተባዩን ይገድላል፣ ታኒኑን ይቀንሳል፣ ተንሳፋፊውም ቶሎ እንዲሰምጥ ይረዳል። ሙጫንና ፀረ ተባይን ግን አያጠፋም። በረኪና ይሻላል የሚሉም አሉ። እንጨት እንደ ስፖንጅ መጣጭ ነው፤ በረኪናውን ጠጥቶ ኋላ ቀስ እያለ ሲተፋው ዓሣው ይከፍላል። እኔ አልሞክረውም።

«ሐይቅ ዳር የተገኘ እንጨት ታጥቦ የጠራ ነው»

በምን ውሃ ታጥቦ? የሻላና የአቢያታ ውሃ ጨውና ሶዳ የበዛበት ነው፤ እዚያ የከረመ እንጨት ያንኑ ይዞ ይመጣል። ደግሞም ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እንጨት አይለቀምበትም።

«እንጨት ካለው ሌላ ምግብ አይፈልግም»

ፓናኬ የሚባሉት የፕሌኮ ዘመዶች እንጨቱን ራሱን ፍቀው ይውጣሉ፤ ሆኖም እነርሱም እንኳ እንደ ምስጥ እንጨት አይፈጩም፣ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ነው የሚጥሉት። ጢማሙ ፕሌኮ በእንጨት ብቻ ከተተወ ሆዱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ለስለስ ያለ ቅቅል ዝኩኒና ወደ ታች የሚሰምጥ የዓሣ መኖ ያስፈልገዋል።

«ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ደስ ይለዋል»

መጠጋጋት ይወዳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የክንፎቹ እሾህ ወደ ኋላ ታጥፎ ይገባል፣ ሲደነግጥ ተከፍቶ ይቆለፋል፤ ያኔ ወደ ኋላ መውጣት የለም። በእኔ እንጨት መካከል ጣት የሚያስገባ አንድ ቀዳዳ ነበር። በሞረድ አሰፋሁት፣ ጠርዙንም አለሰለስኩት። በማግስቱ ጧት ጢሙ ከዚያ ቀዳዳ ውስጥ ወደ ውጭ ብቅ ብሎ አየሁት።