«ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?» ስለ ዋቢ ቆጠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ወር አንድ ወጣት መምህር ስልኩን እንደያዘ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። እዚህ ጎንደር በቤተ መጻሕፍት ሥራ ፀጉሬ ስለሸበተ «ጋሼ» ነው የሚለኝ። «ጋሼ፣ ሳይቴሽኔን ያዩልኛል? ለማዕረግ ዕድገት ላስገባ ነው። ጓደኛዬ የኔን እጥፍ አለው። ምን አጥፍቼ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጽሑፍ በሌላ ጽሑፍ ዋቢ ሆኖ በተጠቀሰ ቁጥር አንድ ይቆጠርለታል፤ ሳይቴሽን የሚባለው ይኸው ነው። በዚህ ቆጠራ ጽሑፍን፣ ተመራማሪን፣ መጽሔትን ወይም የቤተ መጻሕፍት ስብስብን መመዘን የዋቢ ትንተና ይባላል። መጥቀስ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። እዚሁ ጎንደር የአንድምታ መምህር ሐተታውን ሲያወርድ መጽሐፍ ይጠቅስና «እንዲል» ብሎ ይዘጋል። አዲሱ ነገር «እንዲል»ን መቁጠሩ ነው። ታዲያ በዚህ ቆጠራ ዙሪያ ዘወትር የምሰማቸው ስህተቶች አሉ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቧቸው።

«ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ ጥሩ ጽሑፍ ነው»

በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ እና ባልደረቦቹ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ ተመሥርቶ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር አያያዘ። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው። ይህ ጽሑፍ ግን ከሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። አብዛኛው የጠቀሰው ሊተቸው ነው። ቆጣሪው ማሽን ግን ምስጋናን ከወቀሳ አይለይም። ሁለቱም አንድ አንድ ናቸው።

ሌላም ልጨምር። በታሪክ እጅግ ብዙ ጊዜ ከተጠቀሱት ጽሑፎች አንዱ ኦሊቨር ላውሪ እና ባልደረቦቹ በ1951 ያወጡት ነው። ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ዓለምን የገለበጠ ግኝት እንዳይመስላችሁ። በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን የመለኪያ ዘዴ ነው። እንደ ጨው ሁሉም ወጥ ውስጥ ስለሚገባ ሁሉም ይጠቅሰዋል። ጨው ያስፈልጋል፤ ግን ማንም «የዛሬው ጨው እንዴት ይጥማል!» ብሎ አያደንቅም።

ደግሞ የጠቀሰ ሁሉ ያነበበ እንዳይመስላችሁ። ሁለት የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች፣ ሲምኪን እና ሮይቾውድሪ፣ በ2003 ባወጡት ሥራ የስህተቶችን ዱካ ተከተሉ። አንዱ የገጽ ቁጥር አሳስቶ ሲጽፍ፣ ያው ስህተት በሌሎች ዋቢ ዝርዝሮች ውስጥ እየተገለበጠ ይሄዳል። ከዚህ ተነሥተው ከሚጠቅሱት ሰዎች መካከል ዋናውን ጽሑፍ የሚያነቡት 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው ብለው ገመቱ። ግምት ነው። እኔ ግን አልገረመኝም። የመመረቂያ ጽሑፎችን ስደረድር አንድ የተሳሳተ የደራሲ ስም ከዓመት ዓመት፣ ከተማሪ ተማሪ ሲወራረስ አይቻለሁ። የአባት ርስት ይመስላል።

«ኢምፓክት ፋክተሩ ትልቅ ከሆነ ጽሑፌም ትልቅ ነው»

ኢምፓክት ፋክተር የመጽሔት ቁጥር ነው። የጽሑፍም የሰውም አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው። የ2023ን ለማውጣት፣ መጽሔቱ በ2021 እና በ2022 ያወጣቸው በ2023 ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይቆጠራል። ከዚያ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ላወጣቸው ጽሑፎች ብዛት ይካፈላል።

እንበል 100 ጽሑፍ አውጥቶ 300 ጊዜ ተጠቀሰ። ኢምፓክት ፋክተሩ 3 ነው። ግን ከ300ው 200ውን አንድ ጽሑፍ ብቻ ወስዶት ሊሆን ይችላል። የቀሩት 99ኙ 100ውን ይቃመሱታል። ብዙዎቹም ዜሮ ይሆናሉ። እንግዲህ «በባለ 3 መጽሔት አሳትሜያለሁ» ማለት ሀብታም ሰፈር ተከራይቶ ሀብታም ነኝ እንደ ማለት ነው።

ቁጥሩ ሲወጠንም ለዚህ አልነበረም። አሜሪካዊው የመረጃ ሊቅ ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 የዋቢ ማውጫ ሐሳብ ያቀረበው ከሕግ ሰዎች ተውሶ ነው። የአሜሪካ ጠበቆች የትኛው ፍርድ በየትኛው ፍርድ እንደተጠቀሰ የሚያሳይ መዝገብ ከ1873 ጀምሮ ነበራቸው። ጋርፊልድ የሳይንሱን ማውጫ በ1960ዎቹ ማሳተም ሲጀምር፣ የትኞቹን መጽሔቶች ላስገባ የሚል ጥያቄ መጣ። ኢምፓክት ፋክተር የተወለደው ያን ለመምረጥ ነው። ሰው ለመሾምና ለመሻር መዋሉ በኋላ የመጣ አመል ነው። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰባሰቡ ሳይንቲስቶችና አዘጋጆችም ይህ አመል ይቅር ብለው መግለጫ አወጡ።

ስለ ሐሰተኛው ኢምፓክት ፋክተር ብዙ አልልም። «ቁጥራችን ከፍተኛ ነው፣ በሦስት ቀን እናትማለን፣ ክፍያው ይህን ያህል ዶላር» የሚል ኢሜይል ከመጣላችሁ አጥፉት። ቁጥሩን የሚያወጣው ጆርናል ሳይቴሽን ሪፖርትስ የሚባለው ዓመታዊ ዝርዝር ነው። እዚያ ከሌለ የለም።

«ኤች-ኢንዴክሱ የሚበልጥ ሰው ይበልጣል»

ኤች-ኢንዴክስን በ2005 ያመጣው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ነው። አሥር ጽሑፎች ኖረውህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር አሥር ጊዜ ከተጠቀሱ ኤችህ 10 ነው። ቅለቱን ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ባሕርይ አለው፤ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ሥራ ያቆመ ሰውም ቁጥሩ ሊያድግ ይችላል። ጀማሪው ሁልጊዜ ትንሽ ነው።

ትልቁ ችግር የተለያየ ሙያን ማነጻጸሩ ነው። ከመተማና ከሑመራ የእርሻ ሥራ ካላ-አዛር ይዟቸው የሚመጡ ወጣቶች ጎንደር ይታከማሉ፤ ዩኒቨርሲቲውም የዚህ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። ካላ-አዛር ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች አንዱ ነው። በዓለም ላይ ስለሱ የሚጽፈው ሰው ስለ ካንሰር ከሚጽፈው ጋር አይወዳደርም። ጸሐፊ ሲያንስ ጠቃሽም ያንሳል። ስለዚህ እዚህ አልጋ አጠገብ ተሠርቶ የሕክምና አሰጣጥን የቀየረ ጽሑፍ፣ በቁጥር አንድ ተራ የካንሰር ጽሑፍ ሊበልጠው ይችላል። የታሪክና የሕግ ሰዎችማ ይብሱን የተበደሉ ናቸው። እነሱ መጽሐፍ ይጽፋሉ፤ ማሽኑ የሚያውቀው በዋናነት መጽሔት ነው። ያውም እንግሊዝኛውን።

«ራስን መጥቀስ ነውር ነው»

አይደለም። ትናንት የጀመርኩትን ዛሬ ስቀጥል የትናንቱን መጥቀስ አለብኝ። ነውሩ ማብዛቱ ነው።

«ያልተጠቀሰ መጽሐፍ አልተነበበም፤ ይውጣ»

ይቺኛዋ ታናድደኛለች። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መደርደሪያ ሲጸዳ ነበርኩ። መመሪያው «አሥር ዓመት ያለፈውና በማንም ያልተጠቀሰ ይውጣ» የሚል ነበር። ለሕክምናው ክፍል ይሄ ያስኬዳል። የአሥር ዓመት የመድኃኒት መጽሐፍ አደገኛም ሊሆን ይችላል። ግን ያንኑ መመሪያ ይዘው ወደ ታሪኩ መደርደሪያ ተሻገሩ። በጎንደር ከተማ፣ የፋሲል ግቢ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ጎንደር ዘመን የሚያወራ መጽሐፍ «አረጀ» ተብሎ ካርቶን ውስጥ ገባ! ከግቢው ሕንፃዎች አንዱ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት መሆኑን ያሰበ ያለ አይመስለኝም። ካርቶኑን እኔና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ተሸክመን ወደ ውስጥ መለስነው።

ከዋቢ ቆጠራ የሚገኘው አንዱ ጥሩ ነገር ይህንኑ የዕድሜ ልዩነት ማሳየቱ ነው። በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዋቢዎች አብዛኞቹ የቅርብ ናቸው። በታሪክ የመቶ ዓመት መጽሐፍም ከትናንቱ ጎን ይጠቀሳል። ለሁሉም መደርደሪያ አንድ ዓይነት የዕድሜ ገደብ ማውጣት ይህን አለማየት ነው።

ደግሞ ተማሪው ጠዋት ማታ የሚያነበው የመማሪያ መጽሐፍ ዋቢ ዝርዝር ላይ ብዙም አይወጣም። ሀንዳውቱ፣ በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ፣ ነርሷ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው የሕክምና መመሪያ፣ ሁሉም ይነበባሉ እንጂ አይቆጠሩም። አንዳንዱ ደግሞ የሚጠቀሰው ዘግይቶ ነው። የሜንዴል የአተር ጽሑፍ በ1866 ታትሞ ዓለም ያስተዋለው በ1900 ነው። በእኛ መመሪያ ቢሆን ኖሮ ካርቶን ውስጥ ነበር።

«ቤተ መጻሕፍቱ የዓለሙን ምርጥ ዝርዝር አይቶ ይግዛ»

በዋቢ ቆጠራ መጽሔት የመምረጥ ሥራ ከጋርፊልድ በፊት ነበረ። በ1927 ግሮስ እና ግሮስ የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የትኞቹን የኬሚስትሪ መጽሔቶች ይግዛ ብለው ጠየቁ። የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር መጽሔት የ1926 ዕትሞችን ወስደው ከ3,600 በላይ ዋቢዎችን ቆጠሩ። በግንባር ቀደምነት ከተጠቀሱት መካከል የጀርመን መጽሔቶች ተገኙ። ጥሩ ሥራ ነው። ግን የቆጠሩት የአንድን አገር የኬሚስትሪ ሊቃውንት ንባብ ነው። የኛ ተማሪ ምን እንደሚያነብ ከዚያ አይገኝም።

የኛን ለማወቅ የኛን መቁጠር ነው። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የማስተርስ ቴሲሶችን ከመደርደሪያ አውርደን ተቀመጥን። እሷ ከዋቢ ዝርዝሩ ላይ ታነባለች፤ እኔ ደብተር ላይ እጭራለሁ። አራት ቁም፣ አምስተኛው አግድም። ሻያችን ቀዘቀዘ። ከሰዓት በኋላ ላይ ደብተሩ ቅርጽ ያዘ። ጥቂት መጽሔቶች በጭረት ጠቁረዋል፤ ከሥር ደግሞ አንድ አንድ ጭረት ብቻ ያላቸው ስሞች ገጽ በገጽ ይቀጥላሉ። ሳሙኤል ብራድፎርድ የተባለ የለንደን ቤተ መጻሕፍት ሰው በ1934 ያሳየው ይህንኑ ነው። ለአንድ ጉዳይ ጥቂት መጽሔቶች ብዙውን ይይዛሉ፤ የቀረው እየሳሳ ይበተናል።

ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። በሕዝብ ጤና ቴሲሶች ከመጽሔቶቹ እኩል የጠቆረው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርት ነበር። የ2000፣ የ2005፣ የ2011፣ የ2016፣ ሁሉም። የጤና ሚኒስቴር መመሪያዎችም እንዲሁ። በሕጉ በኩል ነጋሪት ጋዜጣ። እነዚህን በየትኛውም የኢምፓክት ፋክተር ዝርዝር ውስጥ አታገኟቸውም። እኛ ግን የታተመ ቅጂ የነበረን የአንዱ ሪፖርት ብቻ ነበር፤ እሱም ሽፋኑ የተገነጠለ።

እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። ተማሪ የሚጠቅሰው ያገኘውን ነው። በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ የተባለውን ፕሮግራም ከጀመረ ወዲህ የኢትዮጵያ ተቋማት ብዙ የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ያገኛሉ። ስለዚህ የሕክምናው ደብተር ቢጠቁር አይገርምም። የሌላው ክፍል ዋቢ ቢሳሳ ፍላጎት ስለሌለ ላይሆን ይችላል። በሩ ስለተዘጋ ሊሆን ይችላል። ቆጥሬ ስጨርስ ተማሪዎቹን «ፈልጋችሁ ያጣችሁት ምንድን ነው?» ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ያጡት ነገር በዋቢ ዝርዝር ላይ አይታይም።

«የኢንተርኔቱ ቁጥር አይሳሳትም»

ወደ ወጣቱ መምህር ልመለስ። ዋቢ ከሚቆጥሩት የኢንተርኔት ማውጫዎች መጀመሪያ በጉግል ስኮላር፣ ከዚያ በስኮፐስ ፈለግነው። ሁለቱ ቁጥሮች አልተገናኙም። ይህ ያለ ነው። ጉግል ስኮላር ቴሲሱንም፣ የጉባኤ ጽሑፉንም፣ ድረ ገጽ ላይ የተጫነውንም ይለቅማል። ስኮፐስ የመረጣቸውን ብቻ ይቆጥራል። የትኛው ቁጥር እንደሆነ ሳይናገሩ ቁጥር መጥራት ብርና ዶላር ሳይለዩ ዋጋ መጥራት ነው።

ከዚያ የስሙ ጉዳይ መጣ። የፈረንጅ ማውጫ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ራሳችንን፣ አባታችንን፣ አንዳንዴ አያታችንን ነው የምንጠራው። ስለዚህ መምህሩ በአንዱ ጽሑፍ በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ስም ተመዝግቧል። የራሱን ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት ጽፎታል፤ «ጸ» በአንዱ በሁለት፣ በሌላው በአንድ ፊደል። የከተማችን ስም እንኳ አንዳንዴ «ጎንደር» አንዳንዴ «ጎንዳር» ሆኖ ይጻፋል፤ ተቋሙም በማሽኑ ዓይን ሁለት ይሆናል። በአማርኛ ባሳተመው አንድ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ስለሆነ ማውጫው ሰባት ዓመት ወደኋላ ጎትቶታል።

ኦርኪድ የሚባል ለተመራማሪዎች የሚሰጥ መለያ ቁጥር አለ፤ ከ2012 ጀምሮ ይሠራል፤ ነፃ ነው። አወጣንለት። የተበተኑትን ጽሑፎች አንድ በአንድ ለቅመን ሥሩ አስገባናቸው። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሲጨርስ ስልኩን ዞር አድርጎ አሳየኝና ሳቀ። «ጋሼ፣ ለካ ሦስት ሰው ነበርኩ!»