ሳይቆፍሩ መፈለግ፦ የጂኦፊዚክስ ቅኝት በጎጃም ጥንታዊ ቦታዎች

በጎጃም የጥንት ፍርስራሽ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ወይም በገበሬ ማሳ ውስጥ ነው። አንዱ የአባቶች መቃብር ያረፈበት ነው፤ ሌላው የሰው እንጀራ ነው። ሁለቱንም ዝም ብሎ መቆፈር አይቻልም። የጂኦፊዚክስ ቅኝት ግን መሬቱ ሳይነካ ከሥሩ ግንብ፣ ምድጃ ወይም ጉድጓድ መኖሩን ይጠቁማል።

ምሥራቅ ጎጃም ያለችውን መርጡለ ማርያምን እንውሰድ። ትውፊቱ አመሠራረቷን ከአብርሃና አጽብሃ ዘመን ያደርሰዋል። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ዘመን ተጎዳች። በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ደግሞ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን መልሰው ገነቡባት። ያማረ ቅርጽ ያለበት የጥርብ ድንጋይ ግድግዳ ዛሬም ይታያል። የማን መሠረት የት ላይ እንዳረፈ ግን ከላይ በማየት ብቻ አይለይም።

ቀላሉ ዘዴ የኤሌክትሪክ ነው። ዘንጎች መሬት ላይ ይተከላሉ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፣ የአፈሩ መቋቋም ይለካል። እርጥብ አፈር ያሳልፋል፤ ድንጋይ ይከለክላል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1946 እንግሊዝ አገር ለአርኪዮሎጂ ውሏል። የመሬት ራዳር ደግሞ ሞገድ ልኮ ነጸብራቁን ይቀበላል፤ ጥልቀትንም ያሳያል። ጎጃም ላይ ችግሩ ዋልካ ነው። ጥቁር የሸክላ አፈር፣ በተለይ ሲረጥብ፣ ሞገዱን ቶሎ ይውጠዋል።

ማግኔቶሜትር፣ ማለትም የመግነጢስ መለኪያ መሣሪያ፣ በእሳት የተቃጠለ ነገርን ፈልጎ ያገኛል። ምድጃ ወይም የብረት ማቅለጫ በጣም ከጋለ በኋላ ሲቀዘቅዝ የምድርን መግነጢስ ይዞ ይቀራል። ባለሙያው ቀበቶውን፣ ቁልፉንና ስልኩን አስቀምጦ በገመድ በተለካ መስመር እየተመላለሰ ይለካል። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ቅርብ ከሆነ ንባቡን ያበላሸዋል። እዚህ ሁለት ተጨማሪ ፈተናዎች አሉ። የጎጃም ድንጋይ በብዛት ባዛልት ስለሆነ ራሱ መግነጢስ አለው። የማግኔት ወገብ መስመርም፣ ማለትም የምድር መግነጢስ አግድም የሚሆንበት መስመር፣ በዚሁ አካባቢ ያልፋል። ስለዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ረጅም ግንብ ከጫፎቹ በቀር እምብዛም ምልክት ላይሰጥ ይችላል። በአንድ መሣሪያ ብቻ ተማምኖ «እዚህ ምንም የለም» ማለት ትልቅ ስህተት ነው።

ጊዜው ራሱ መመረጥ አለበት። ክረምት ላይ ማሳው ጭቃ ነው፣ ሰብልም አለበት። በጋው ሲገፋ አፈሩ ይደርቅና ዘንጎቹ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፉም። ለኤሌክትሪኩ ዘዴ የሚሻለው አዝመራው እንደተሰበሰበ፣ እርጥበቱ ሳያልቅ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ገበሬውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ማረሻው የት ድንጋይ እንደሚነካ፣ ጤፉ የት እንደሚቀጭጭ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የቅኝት ምስል ዘመን አይናገርም። ጠባብ የሙከራ ጉድጓድ ተቆፍሮ የሸክላ ስባሪና ከሰል መገኘት አለበት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ፍለጋና ጥናት ያለ ፈቃድ አይካሄድም። በገዳምና በደብር ውስጥ ሲሆን ደግሞ ካህናቱንና ምእመናኑን አስቀድሞ ማማከር የግድ ነው።