የስፒርገን ላስቲክ ምንድን ነው? በቤት መሥራቱስ ለምን ያዋጣል?

ስፒርገን በውኃ ውስጥ ዓሣ የሚወጋበት መሣሪያ ነው። ከጠመንጃ ጎራ ይመደባል እንጂ ባሩድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሰደፉን፣ ምላጩንና አፈሙዙን ከጠመንጃ ተውሶ ጉልበቱን የወረሰው ከቀስት ነው። ፈረንሳዮች ባለላስቲኩን ዓይነት “አርባሌት” ብለው መጥራታቸው ልክ ነው፤ ቃሉ በቋንቋቸው ምላጭ ያለው የጥንት ቀስት ስም ነው። በታመቀ አየር የሚተኩስ ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከአፈሙዙ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚለጠጠውና ጦሩን ወደ ፊት የሚያስፈነጥረው ላስቲክ ነው።

ላስቲክ የሚለው ቃላችን ብዙ ይሸከማል፤ የዕቃ መያዣ ከረጢቱም፣ የሱሪ ወገብ ማጥበቂያውም ላስቲክ ነው። የስፒርገኑ ግን ወፍራም ግድግዳና ጠባብ ቀዳዳ ያለው የተፈጥሮ ጎማ፣ ማለትም የላቴክስ ቱቦ ነው። የቱቦው ሁለት ጫፎች በአንዲት አጭርና ጠንካራ ገመድ ይያያዛሉ። ይህችን ገመድ፣ የቀስት ነገር ከተነሣ አይቀር፣ አውታር እላታለሁ። ቱቦው በአፈሙዙ ቀዳዳ አልፎ በግራና በቀኝ ወደ ኋላ ይመጣል፤ አውታሯ በጦሩ ጀርባ ላይ ባለው ጥርስ ትያዛለች፤ ምላጩ ሲሳብ ጦሩ ይለቀቃል፤ ላስቲኩም እየተሰበሰበ ጦሩን ይዞት ይሄዳል። ሌላ ምሥጢር የለውም። አንድ ቁራጭ ቱቦ፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ ገመድና ሁለት ቋጠሮ ነው።

በፋብሪካ ታስሮና ታሽጎ የሚመጣውን ላስቲክ ስገዛ ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው። ጎማው ያው በሜትር የሚሸጠው ጎማ ነው፤ የዋጋው ልዩነት የቋጠሮውና የማሸጊያው ነው። ላስቲክ ደግሞ እንደ ሰደፉ ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ አይደለም፤ ያልቃል። አዘውትሮ የሚጠልቅ ሰው በየጊዜው መቀየሩ አይቀርም፤ መሣሪያው ባለሁለት ላስቲክ ከሆነ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ይቀይራል። ሦስት ሜትር ቱቦ የገዛ ሰው ለመካከለኛ መሣሪያ የሚሆኑ አምስት ላስቲኮች ያወጣበታል። የቁጠባው ሂሳብ ይኸው ነው። እኔ ግን የምወደው በገንዘቡ ብቻ አይደለም። ፋብሪካው የሚሸጠው ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የታሰበ ርዝመት ነው፤ ራሱ የሚሠራ ግን ለክንዱ፣ ለመሣሪያውና ለጦሩ የሚስማማውን ይቆርጣል።

ከመቁረጥ በፊት ስለ ጎማው ጠባይ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። የተፈጥሮ ጎማ እንደተዘበራረቀ ልቃቂት የተጠላለፉ ረጃጅም ሞለኪውሎች ክምችት ነው። ሲለጠጥ ሞለኪውሎቹ ይሰለፋሉ፤ ሲለቀቅ ወደ መዘበራረቃቸው ይመለሳሉ፤ የሚስበው ኃይል የሚመጣው ከዚህ መመለስ ነው። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ሞለኪውሎቹ በየቦታው እንዲተሳሰሩ ባያደርግ ኖሮ፣ የተለጠጠው ቱቦ ተለጥጦ በቀረ፣ በሙቀትም በተልፈሰፈሰ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1805 ጆን ጎፍ የተባለ ዓይነ ስውር እንግሊዛዊ ሊቅ፣ ጎማ በፍጥነት ተለጥጦ ከንፈር ሲነካ ሙቀቱ እንደሚሰማ ጽፏል። ማንም በተራ የጎማ ቀለበት ሊሞክረው ይችላል፤ ሲለጠጥ ይሞቃል፣ ሲሰበሰብ ይቀዘቅዛል። ነገሩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጉልበቱ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያው ላስቲክ በቀዝቃዛ ውኃ ትንሽ ይሰንፋል።

ቱቦ የሚመረጠው በውፍረቱ ነው። የተለመዱት 14፣ 16 እና 19 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከ14 ወደ 16 መሄድ የሁለት ሚሊ ሜትር ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የሚስበው በተቆረጠው ጫፍ ላይ የሚታየው የጎማው ስፋት እንጂ ውፍረቱ ስላልሆነ ኃይሉ በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀዳዳውም የራሱ ድርሻ አለው። 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው 16 ቱቦና 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው 16 ቱቦ መካከል ያለው የጎማ መጠን ልዩነት 11 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ሻጩ “16 ነው” ቢልም የተቆረጠውን ጫፍ ገልብጦ ማየት ተገቢ ነው። ወፍራም ሁሉ ይሻላል ማለት ደግሞ አይደለም። 6.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ቀጭን ጦር ከአቅሙ በላይ በሆነ ላስቲክ የገፋ ሰው፣ ጦሩ እንደ ሸምበቆ እየተወዛወዘ ሲሄድና ከታለመለት ዓሣ ራስ በላይ ሲያልፍ ያያል። ለብዙ ሰው ከአንድ 19 ይልቅ ሁለት 14 ይሻላል፤ አንድ በአንድ ስለሚወጠሩ ክንድን አይጎዱም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ርዝመቱ ነው። ጥሩ ላስቲክ ሲወጠር ከዕረፍት ርዝመቱ ከ3 እስከ 3.5 እጥፍ ይደርሳል። ጎማው ከዚያ በላይም ይለጠጣል፤ ነገር ግን ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት በድንገት ይከብዳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከ3 እጥፍ በታች ከሆነ ደግሞ የተገዛው ጎማ ከፊሉ ሥራ ፈት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱባት አንዲት ነገር አለች። “300 በመቶ” ሲባል አንዱ የመጨረሻው ርዝመት ሦስት እጥፍ ሆነ ማለቱ ነው፤ ሌላው ሦስት እጥፍ ተጨመረበት፣ ማለትም በጠቅላላው አራት እጥፍ ሆነ ማለቱ ነው። የሰው ቁጥር ከመቅዳት በፊት የትኛውን እንደሚል መጠየቅ ግድ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ። ከአፈሙዙ ቀዳዳ እስከ ጦሩ ጥርስ ያለው ርቀት 90 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። አውታሯ ተወጥራ ከዚህ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ትወስዳለች፤ ለጎማው 85 ይቀራል። ቱቦው በሁለቱም ጎን ስለሚመጣ 85 በሁለት ሲባዛ 170 ይሆናል። ይህ የተለጠጠው ርዝመት ነው። ለ3.2 ሲካፈል 53 ይመጣል። ከቋጠሮው በኋላ የሚተርፈው ጫፍ ስለማይለጠጥ በእያንዳንዱ ጎን 2 ሴንቲ ሜትር ይጨመርለትና የሚቆረጠው ቱቦ 57 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው በ3 ቢያካፍልና በቀለለ ላስቲክ ቢጀምር እመክራለሁ። የረዘመ ላስቲክ እንደገና ይቆረጣል፤ ያጠረን የሚያስረዝም ግን የለም።

ይህን የምለው የመጀመሪያዬን ስላስታወስኩ ነው። ለጉልበት ስስት አጭር አድርጌ ቆረጥሁት፤ ለቋጠሮው የሚተርፈውንም ጫፍ መጨመር ረሳሁ። ውኃ ውስጥ ሰደፉን ደረቴ ላይ አስደግፌ ስስብ ጥርሱ ጋር ለመድረስ አራት ጣት ያህል ቀረው። ሦስት ጊዜ ታገልሁ፤ በመጨረሻ ደረቴ ላይ የሰደፍ ምልክት ይዤ ወጣሁ። ዓሦቹ ከድንጋይ ሥር ሆነው ሲታዘቡኝ ነበር።

አቆራረጡ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መቀስ ጎማውን ጨፍልቆ ሰያፍ ስለሚቆርጥ አይሆንም፤ ስለታም ምላጭ በሳሙና ውኃ አርሶ፣ ቱቦውን በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አጋድሞ፣ በአንድ ጉዞ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ነው። ጫፉ ላይ የምትቀር ትንሽ ጭረት ነገ የመቀደድ መነሻ ትሆናለች።

አውታሯ ብዙውን ጊዜ ከዳይኒማ ገመድ ትሠራለች። ዳይኒማ በቀጭንነቱ ላይ ብርታት ያለው፣ የማይለጠጥ፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ገመድ ነው፤ አንድ ነውሩ ሙልጭልጭ መሆኑ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ከቱቦው ቀዳዳ ትንሽ የሚወፍር እንክብል ይታሰርበታል፤ እንክብል ከሌለ ተደራርቦ የታሰረ ቋጠሮም ያገለግላል። ይህ እንክብል በቀዳዳው ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይገባል። ለማስገባት ቱቦውንና እንክብሉን በውኃ ወይም በምራቅ ማርጠብ ይበቃል። ዘይትና ቅባት ፈጽሞ አይነካም፤ የማዕድን ዘይት የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያልፈሰፍሰዋልም።

ቀጥሎ የሁሉ ነገር ማዕከል የሆነው ማሰሪያ ይመጣል። እንክብሉ ከገባበት ትንሽ ወደ ጫፍ፣ ማለትም በእንክብሉና በቱቦው አፍ መካከል፣ ቱቦው ከውጭ በሌላ ጠንካራ ሲባጎ ይታነቃል። በዚህ ጊዜ እንክብሉ በታነቀው አንገት ማለፍ ያቅተዋል፤ በተሳበ ቁጥርም አንገቱን ይበልጥ ያጠብቃል እንጂ አይሾልክም። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ዙሮ ጫፎቹ ከራሱ ሥር የሚያልፉ፣ ሲሳብ ራሱን በራሱ የሚያጠብቅና ወደ ኋላ የማይመለስ ዓይነት መሆን አለበት፤ የጆንያ አፍ የሚያስሩ ሰዎች ያውቁታል። ብልሃቱ ሲታሰር ቱቦውን መለጠጥ ነው። አንድ ሰው ጫፉን በፒንሳ ይዞ ይስባል፣ ጎማው ይቀጥናል፣ ሌላው በቀጠነው ላይ ሲባጎውን ጠምጥሞ ጫፎቹን በሁለት አጫጭር እንጨቶች ላይ አዙሮ በሙሉ ኃይሉ ያጠብቃል። ጎማው ሲለቀቅ ወደ ውፍረቱ ሊመለስ ሲል ቋጠሮውን ከሁለቱም ጎን ያቅፈዋል። በባዶ እጅ ሲባጎ የሚስብ ሰው ጣቱን ይቆርጣል እንጂ የሚፈለገውን ያህል አያጠብቅም።

ሁለተኛው ጫፍ ከመታሰሩ በፊት አፈሙዙን ማየት ያስፈልጋል። ቀዳዳው ዙሪያውን የተዘጋ ከሆነ ቱቦው መጀመሪያ በዚያ ማለፍ አለበት፤ ሁለቱን ጫፎች ውጭ አስሮ ከጨረሰ በኋላ የማያስገባ ቀዳዳ የሚያይ ሰው ድካሙን በምላጭ ይፈታዋል። ከላይ ክፍት ለሆነ አፈሙዝ ይህ ሥጋት የለም።

ሲጠናቀቅ ወዲያው ወደ ውኃ አይሮጥም። መነጽር አድርጎ፣ ፊትን ከላስቲኩ መስመር ዘወር አድርጎ፣ አውታሯን በጠንካራ ነገር ላይ አንጠልጥሎ ቀስ በቀስ መሳብና ቋጠሮው ቦታውን መልቀቅ አለመልቀቁን ማየት ይገባል። ያመለጠ እንክብል ዓይን ያጠፋል፤ ይህ ማጋነን አይደለም። መሣሪያውን ጦር አስገብቶ ከውኃ ውጭ ማቀባበል ደግሞ ለሙከራም ቢሆን የተከለከለ ነው፤ አፈሙዙም ምንጊዜም ወደ ሰው አይዞርም። የጦሩ ጥርስ ስል ጠርዝ ካለው በሞረድ ማለስለስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አውታሯን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበጥሳታል። ጥርሱ በብረት አውታር ይሠራ ለነበረ አሮጌ ጦር ይህ በተለይ ይመለከተዋል።

ቁጠባ የሚያታልልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ የብስክሌት ወይም የመኪና ካላማዳሪ ቀድዶ ላስቲክ ለማድረግ መሞከር ነው። ካላማዳሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ቡታይል ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ አየር አያሾልክም፣ ለዚያ ሥራ ተወዳዳሪ የለውም። ሲለጠጥ ጥሩ ይመስላል፤ ሲለቀቅ ግን ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው እየተንጠራራ ነው የሚመለስ። የተቀበለውን ጉልበት በሙቀት ያባክነዋል፤ ጦሩ ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛው ቱቦ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሁለት ዓመት መግዛት ነው። ላቴክስ መደርደሪያ ላይም ያረጃል። ብርሃን ይጎዳዋል፣ ሙቀት ይጎዳዋል፣ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ደግሞ በተለይ ተለጥጦ የተቀመጠውን ይሰነጥቀዋል። መዳብ የነካው ጎማ ከሌላው ፈጥኖ ስለሚበላሽ በመዳብ ሽቦ የሚያስር ሰው በራሱ ላይ ይፈርዳል። የሚሻለው ለአንድ ወቅት የሚበቃውን ገዝቶ፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ፣ ኦዞን የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ሞተር በሌለበት፣ ሳይታጠፍ ማስቀመጥ ነው።

ከእያንዳንዱ ጠለቃ በኋላ ላስቲኩ ጨው በሌለው ውኃ ይታጠባል፣ በጥላ ይደርቃል። ተወጥሮ አይቆይም፤ ለረዥም ጊዜ የተወጠረ ጎማ ጉልበቱን ቀስ በቀስ ይጥላል። የመጀመሪያዎቹ ስንጥቆች የሚታዩት በሁለት ቦታ ነው፤ ከቋጠሮው ሥር እና አፈሙዙን በሚነካው መታጠፊያ ላይ። ቱቦውን በጣት አጠፍ አድርጎ በመስኮት ብርሃን ማየት ነው። ፀጉር የምታክል መስመር ከታየች ላስቲኩ አልቋል። አውታሯ ግን ብዙ ጊዜ ከቱቦው በላይ ስለምትቆይ ተፈትታ ለአዲሱ ታገለግላለች፤ በጥፍር ዳር ዳሯን ዳስሶ የተበጠሰ ክር ከተገኘባት እሷም አብራ ትጣላለች።