ገዳይ ሴት ሁሉ «ፋም ፋታል» አይደለችም

በወንጀል ልቦለድ ውስጥ ሽጉጥ የያዘች ሴት በታየች ቁጥር «ፋም ፋታል» ስትባል እሰማለሁ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፣ «አጥፊ ሴት» እንደማለት። ግን መግደሏ ብቻ አይበቃም። ወንዱን በውበቷና በችግረኛነቷ ስባ፣ እውነተኛ ዓላማዋን ደብቃ ወደ ጥፋት የምትመራው ናት።

ለምሳሌ በ1930 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዳሺል ሃሜትን ልቦለድ «የማልታው ጭልፊት» እንውሰድ። ብሪጂድ የምትባል ሴት በሐሰት ስም መርማሪው ሳም ስፔድ ቢሮ መጥታ እህቴ ጠፋችብኝ ትላለች፤ እህት የሚባል ነገር የለም፣ በኋላም የስፔድን ባልደረባ የገደለችው ራሷ መሆኗ ይታወቃል። እሷ ፋም ፋታል ናት። የስፔድ ቢሮ ጸሐፊ ኤፊ ግን አይደለችም፤ ለእሱ ታማኝ ናት (መጨረሻ ላይ አትንካኝ ብትለውም)።

እስከዚህ ድረስ ብዙም ክርክር የለም። የሚያከራክረው ትርጓሜው ነው። አንዳንዱ ፋም ፋታል የወንድ ፍርሃት የወለዳት ናት ይላል፣ ሌላው ደግሞ የራሷን ፍላጎት የምታሳድድ ብርቱ ሴት ያያል። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ትረካው ከስፔድ ጎን አይለይም፣ ብሪጂድ ብቻዋን ስትሆን የምናይበት አንድም ገጽ የለም።

በ1982 እ.ኤ.አ. ደራሲዋ ሱ ግራፍተን ያመጣቻት ገጸ ባሕርይ ኪንዚ ሚልሆንስ? ሽጉጥም አላት፣ ተኩሳም ታውቃለች። እሷ ግን መርማሪዋ ናት፣ ታሪኩንም የምትነግረን ራሷ ናት።