የክፋት ጥያቄ ምንድን ነው?

ልቅሶ ቤት ተቀምጦ «ለበጎ ነው»፣ «እሱ ያውቃል»፣ «አታማርሪ፣ ፈጣሪ ይቆጣል» ሲባል ያልሰማ ሰው የለም። ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከፍቅር የሚወጣ ነው። ያዘነው ሰው ሆድ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ይመላለሳል፦ ቸር አምላክ እያለ ይህ ለምን ሆነ? ፈላስፎችና የሃይማኖት ሊቃውንት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የተሟገቱበት «የክፋት ጥያቄ» ወይም «የክፋት ችግር» የሚባለው ይኸው ነው።

በሙግት መልክ ሲቀመጥ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። ፈጣሪ ሁሉን ቻይ ነው። ፈጣሪ ፍጹም ቸር ነው። ክፉ ነገር ደግሞ አለ። ለየብቻቸው ሲታዩ ማንንም አያስቸግሩም፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው የሚጋጩት። ክፉውን ማስቀረት ፈልጎ ካቃተው ሁሉን ቻይ አይደለም። እየቻለ ካልፈለገ ቸር አይደለም። ከቻለም ከፈለገም ታዲያ ክፉው ከየት መጣ? አጠያየቁ የግሪኩ ፈላስፋ የኤፒኩረስ ነው ይባላል። ጽፎ ያቆየልን ግን ክርስቲያኑ ጸሐፊ ላክታንቲዩስ ነው፤ መልስ ሊሰጥበት ብሎ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። በፈጣሪ የማያምን ሰው ሐዘን አለበት እንጂ ይህ ጥያቄ የለበትም። የደግና የክፉ ሁለት አማልክት አሉ የሚልም፣ የጥንቶቹ ማኒያውያን እንዳሉት፣ መልሱ በእጁ ነው። ጥያቄው አጥንት ድረስ የሚዘልቀው አንድ፣ ቸርና ኃያል አምላክ አለ ብሎ የሚያምነውን ሰው ነው። ስለዚህ «ለምን?» ማለትን ከክህደት መቁጠር ነገሩን መገልበጥ ነው።

ክፋት ሲባል የሰው ተንኮል ብቻ አይደለም። ሊቃውንቱ ሁለት ቦታ ይከፍሉታል፤ በአንድ በኩል ግድያ፣ ግፍና ዘረፋ፣ በሌላ በኩል በሽታ፣ ድርቅና የመሬት መንቀጥቀጥ። ኑሮ ላይ ግን ሁለቱ ይቆላለፋሉ። የእኛን ክፉ ቀን እንይ፤ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የነበረውን። የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ በምጽዋ በኩል ለጣልያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር እንደገባ ይነገራል። በሬው አለቀ፣ እርሻው ቆመ። ድርቁና አንበጣው ተደረበ፣ የእህል ዋጋ ሰማይ ወጣ፣ ሰው በየመንገዱ ወደቀ። በሽታው የተፈጥሮ ነው፤ ከብቱን ባሕር አሻግሮ ያመጣው ግን ወራሪ ጦር ነበር።

ለሰው ሥራ ዋናው መልስ ነጻ ፈቃድ ነው። ፈጣሪ ሰውን እንደ ግዑዝ ሊያንቀሳቅሰው አልፈለገም፤ መውደድ የሚችል ፍጡር መጥላትንም መቻል አለበት። ጆን ማኪ የተባለው ፈላስፋ በ1955 እ.ኤ.አ. «ነጻ ሆነው ሁልጊዜ መልካሙን የሚመርጡ ሰዎች ለምን አልፈጠረም?» ብሎ ሞገተ። ሌላው ፈላስፋ አልቪን ፕላንቲንጋ የመለሰው፣ ምርጫው የእውነት የሰው ከሆነ ውጤቱን ፈጣሪ ብቻውን ሊወስነው አይችልም በማለት ነው። ዛሬ ብዙ ፈላስፎች፣ የማያምኑትም ጭምር፣ ሦስቱ ሐሳቦች የግድ ይጣረሳሉ የሚለው አልተረጋገጠም ይላሉ። እኔም መልሱ ብርቱ ነው እላለሁ። በወባ የሚሞተውን ሕፃን ግን አይደርስለትም።

የእኛው መጽሐፈ ሄኖክ፣ ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው፣ ሁለት መንገድ ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ክፋት ከላይ ይመጣል፤ 200 መላእክት በአርሞንዔም ተራራ ላይ ወርደው የሰው ሴቶችን ያገባሉ፣ ከእነርሱ አንዱ አዛዝኤል ሰይፍ መሥራትን ያስተምራል። 98ኛው ምዕራፍ ላይ ግን ኃጢአት ወደ ምድር አልተላከም፣ ከራሱ ያመጣው ሰው ነው ይላል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱም ሐሳብ መቀመጡን እወድደዋለሁ።

መከራ ሰውን ያበስላል የሚለው ሌላው መልስ ነው። የበሰሉ አሉ፤ የተሰበሩም አሉ። በሁለት ዓመቱ የሞተ ልጅስ መቼ ይበስላል? በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ስለዚሁ የሚተረክ ታሪክ አለ። ባስራ ውስጥ አል አሽዓሪ መምህሩን አል ጁባኢን ስለ ሦስት ወንድማማቾች ጠየቀው፤ አንዱ አማኝ ሆኖ ሞተ፣ ሁለተኛው ከሃዲ ሆኖ፣ ሦስተኛው በሕፃንነቱ። ሕፃኑ ፈጣሪን «ባቆየኸኝ ኖሮ በሥራዬ ከፍ ያለውን የጀነት ደረጃ ባገኘሁ» ቢልስ? መምህሩ «ብታድግ እንደምታምፅ አውቄ ነው ይለዋል» አለ። «ታዲያ ሁለተኛው ወንድም ከእሳት ውስጥ ‹ጌታዬ፣ የእኔንም ታውቅ ነበር፤ ለምን በልጅነቴ አልወሰድከኝም?› ቢልስ?» አል ጁባኢ ዝም አለ ይባላል።

ወደ መጽሐፈ ኢዮብ እንምጣ። «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» እንባባላለን። ዐሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ያጣው ሰው «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» ያለው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ሦስተኛው ላይ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፤ ከዚያ በኋላ ፈጣሪን ፊት ለፊት ይሟገታል። ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጀመሪያ ያደረጉት ደግ ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንዳች ቃልም አልተናገሩም። ጥፋታቸው ማብራራት ሲጀምሩ መጣ። ፈጣሪ ጻድቅ ነው፣ ጻድቅ ደግሞ ያለ ምክንያት አይቀጣም፣ ስለዚህ አጥፍተሃል አሉት። ለእግዚአብሔር ጥብቅና መቆማቸው ነበር። 42ኛው ምዕራፍ ላይ ቁጣው የወረደው ግን በእነርሱ ላይ ነው። ስለ እኔ ቅን ነገር የተናገረ ኢዮብ ነው፣ መሥዋዕት አቅርቡ፣ እርሱም ይጸልይላችሁ ተባሉ። ልጇን ያጣችን እናት «አትጠይቂ» የሚል ሰው ይህን ምዕራፍ ደግሞ ቢያነብ እመኛለሁ።

ኢዮብ ራሱም ምክንያቱ አልተነገረውም። ከዐውሎ ነፋስ የመጣለት «ምድርን በመሠረትሁ ጊዜ አንተ ወዴት ነበርህ?» የሚል ጥያቄ ነው። ስለ ልጆቹ አንድም ቃል የለበትም።

የዛሬው ሙግት ያለው እዚሁ አካባቢ ነው። ፈላስፋው ዊልያም ሮው በ1979 እ.ኤ.አ. አንድ ምሳሌ አቀረበ፦ በጫካ ቃጠሎ የተለበለበች የአጋዘን ግልገል ማንም ሳያያት ለቀናት ተሠቃይታ ትሞታለች። ፈጣሪ የለም ብሎ ይህ ብቻውን አያረጋግጥም፤ ግን ምን በጎ ነገር ይወጣዋል? መላሾቹ ምክንያቱ አልታየንም ማለት ምክንያት የለም ማለት አይደለም ይላሉ፤ ከዐውሎ ነፋሱ የተሰማው ቃልም በዚህ በኩል ይጠቀሳል። ተቃዋሚዎች ግን ይመልሳሉ፦ የፈጣሪ ምክንያት ከእኛ ይህን ያህል የተሰወረ ከሆነ፣ በጎነቱንስ በምን እናውቃለን? ለዚህ ጥያቄ ሁሉንም ወገን ያስማማ መልስ እስካሁን አልተገኘም።