«ብረት ከነካው አለቀለት»፦ ቡና ላይ ስለ ካንሰር የሰማናቸው

ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነን። ቶናው እየተቀዳ ነው። አንዲት እትዬ ጡታቸው ውስጥ ሽምብራ የምታክል ነገር እንዳገኙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን። «አያመኝም» አሉ። «አብሽሪ እታለም፣ ካላመመ ምን አለበት!» ተባለ። በረካው ሳይደርስ ሌላም ሌላም ተጨመረ።

«ካላመመ ደህና ነው።» አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፣ እውነት ነው። ካንሰሩም ግን ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ስለዚህ መታየት ነው።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል።» እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ሰው እብጠቱን ደብቆ ደብቆ፣ ሲቆስል ሐኪም ቤት ይሄዳል። ኦፕራሲዮን ይደረጋል፣ ከወራት በኋላ ይሞታል። ለቀስተኛው የሚያወራው ስለ ቢላው ነው፤ ተደብቆ ያለፈውን ዓመት ማን አየው? በመርፌ ናሙና ሲወሰድ በሽታው የመበተን ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው። ናሙና ከሌለ ደግሞ ዓይነቱ አይታወቅም። አንዳንዱ የጡት ካንሰር የሚያድገው በሆርሞን ነው። ይህ ከታወቀ ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን በቀን አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይታዘዛል።

«ካንሰር ማለት ሞት ነው።» ስሙን እንኳ ፈርተን «ያ በሽታ» እንላለን። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ካንሰር ከተገኘባቸው 100 ሰዎች 5 ዓመት የሚሻገሩት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ዛሬ ወደ 70 ገደማ ሆነዋል። የጡት ካንሰር ሳይሰራጭ ከተያዘማ እዚያ ወደ 99 ይጠጋሉ፤ ሩቅ ከተሰራጨ ግን ሲሶ ያህል ናቸው። እኛ ጋ መድኃኒቱም ማሽኑም ያንሳል፣ በዚያ ላይ ዘግይተን ነው የምንሄደው።

«እሷ በጠጣችበት ስኒ አልጠጣም» ያለችም ነበረች። ካንሰር በስኒ አይተላለፍም። የሚተላለፈው የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ እሱም በግብረ ሥጋ። ለሱ ደግሞ ክትባት አለ፤ አገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ምርመራውም ከባድ አይደለም። የማህፀኑን በር አቼቶ ውስጥ ባለው አሲድ ይቀቡና ነጭ የሚሆን ቦታ ካለ ያያሉ። አዎ፣ የሰላጣው አቼቶ!

ዱአውም ጸበሉም ይቀጥል፣ ቀጠሮው ግን አይለፍ።

እትዬ ሰኞ ዕለት ናሙና ሰጥተዋል። ውጤቱ ገና ነው። የዛሬው ቡና እሳቸው ቤት ነበር፤ ያቺ የስኒዋ ሴትዮም መጥታ እስከ በረካው ጠጣች።